ከኮአ ዛፍ እስከ ኮምፒዩተር፦ የማዕበል ሳንቃ አሠራር ታሪክ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ዕቃውን የሠራው አገሩና ዘመኑ በሰጡት ነገር ነው። ድንጋይ ባለው ጊዜ ድንጋይ ጠረበ፤ ብረት ባገኘ ጊዜ ብረት ቀጠቀጠ፤ ዛሬም የኬሚስትሪ ትምህርት ያስገኘለትን ነገር እየቀላቀለ በመኪና ይቀርጻል። ነገር ግን አዲስ ነገርና አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ ይኸውም «የቀድሞው የእጅ ባለሙያ ሙያውን ይዞ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ሸማኔም፤ አንጥረኛም፤ ቁም ጸሐፊም በየዘመናቸው ይህ ጥያቄ ደርሶባቸዋል።

እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለዚህ ጥያቄ ለመጻፍ ባሰብን ጊዜ፤ ከታላላቅ ፋብሪካዎች ይልቅ አንድ ትንሽ ዕቃ መረጥን። ይህም በእንግሊዝኛ ሰርፍቦርድ የሚባለው፤ ሰው ቆሞበት በባሕር ማዕበል ላይ የሚንሸራተትበት ሳንቃ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የማዕበል ሳንቃ» እንለዋለን። አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ይህን ጨዋታ አብዛኞቻችን የምናውቀው በሥዕልና በፊልም ብቻ ነው። ሆኖም የዚህ ሳንቃ ታሪክ ለተማሪ ብዙ ያስተምራል፤ በአንድ ዕቃ ውስጥ ታሪክም፤ ኬሚስትሪም፤ ፊዚክስም፤ ንግድም አብረው ይገኛሉና። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቄጠማና ዛፍ

በማዕበል ላይ መጋለብ የታወቀው በአንድ አገር ብቻ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ፤ በፔሩ ጠረፍ፤ ሁዋንቻኮ በምትባል ከተማ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ቶቶራ ከሚባል ቄጠማ በታሰረች ጠባብ ጀልባ ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ሲመለሱም ማዕበሉ እየገፋ ወደ ጠረፍ ያደርሳቸዋል። የዚህች ጀልባ ምስል ሞቼ የተባለው ጥንታዊ ሕዝብ በሠራቸው የሸክላ ዕቃዎች ላይ ይታያል፤ የሞቼ ሥልጣኔም ካበቃ ከ1000 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጣና ሐይቅን ያየ ሰው ይህችን ጀልባ ቢመለከት ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ትዝ ይለዋል። ይህም መመሳሰል በሥራ ተፈትኗል። የኖርዌይ ተወላጅ የሆነው ቶር ሄየርዳል በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ከጣና ሐይቅ በተቆረጠ ደንገል፤ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች እጅ አሠርቶ ከሞሮኮ ጠረፍ ተነሣ፤ ጀልባይቱ ግን ውቅያኖሱን ሳትጨርስ ተበላሸች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛይቱን «ራ» በቲቲካካ ሐይቅ ያደጉ የቶቶራ ጀልባ ሠሪዎች ከኢትዮጵያ በመጣ ደንገል ሠሩለት፤ እርስዋም አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ደረሰች። አንዱ ደንገል በሁለት ዓይነት እጅና በሁለት ዓይነት አስተሳሰር ሲገባ ውጤቱ እንዲህ ተለያየ። ይህን ነገር አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ቆሞ የመጋለብን ጥበብ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ያደረሱት ግን በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የሚኖሩት የሃዋይ ሰዎች ናቸው። በሃዋይ ሁለት ዋና ዋና የሳንቃ ዓይነቶች ነበሩ። «አላያ» የሚባለው ቀጭንና አጭር ሲሆን ሕዝቡ ሁሉ ይጋልብበት ነበር፤ «ኦሎ» የሚባለው ግን ረዥምና ወፍራም ሆኖ የመሳፍንቱ ነበር። በሆኖሉሉ ከተማ በቢሾፕ ሙዚየም የሚገኙት፤ አብነር ፓኪ የተባለው ሹም ይጋልብባቸው የነበሩት ሳንቃዎች ርዝመታቸው ወደ 5 ሜትር፤ ክብደታቸውም ወደ 70 ኪሎ ይደርሳል።

አሠራሩም እንደ ቀላል ሥራ የሚታይ አልነበረም። ስለ ጥንቱ ሥርዓት የተጻፈው እንደሚለው፤ ባለሙያው ኮአ ወይም ዊሊዊሊ የተባለውን ዛፍ ከመረጠ በኋላ፤ ከመቁረጡ በፊት ቀይ ዓሣ በዛፉ ሥር አኑሮ ይጸልይ ነበር። ከዚያም በድንጋይ መጥረቢያ ጠርቦ ቅርጹን ካወጣ በኋላ ወደ ባሕሩ ዳር ወስዶ በዛጎል ድንጋይና በሸካራ ድንጋይ ያለሰልሰዋል፤ ከሥርና ከቅርፊት በወጣ ቀለም ያጠቁረዋል፤ በኩኩይ ፍሬ ዘይትም ያሸዋል። ከተጋለበበትም በኋላ ሳንቃው በፀሐይ ደርቆ፤ ዘይት ተቀብቶ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሳንቃ ሠሪው ቆራጭም፤ ጠራቢም፤ ቀለም ቀቢም፤ ጸሎት አድራሽም ነበር ማለት ነው።

ጥበቡ ሊጠፋ የደረሰበት ዘመን

የእንግሊዙ መርከበኛ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1778 ሃዋይ ደረሰ። በ1779 ከመኮንኖቹ አንዱ የሆነው ሌተና ጄምስ ኪንግ የአገሩ ሰዎች በሳንቃ በማዕበል ላይ ሲጋልቡ አይቶ በመደነቅ ጻፈ። ነገር ግን ከመርከቦቹ ጋር የአገሩ ሕዝብ የማያውቀው በሽታ ገባ፤ ሕዝቡም በብዙ አለቀ። በ1820 ከአሜሪካ የመጡት ሚሲዮናውያን የቀድሞውን ሥርዓት ጨዋታውንም ጭምር አልወደዱትም፤ ሕዝቡም ኑሮው ወደ ንግድና ወደ እርሻ ሥራ ሲዞር ለጨዋታ የሚሆን ጊዜ አጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሚጋልበው ሰው ጥቂት፤ ሳንቃ የሚሠራውም ከዚያ ያነሰ ሆነ። አንድ የእጅ ሙያ የሚጠፋው መኪና ሲመጣበት ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እናያለን፤ ሙያውን የያዘው ሕዝብ ሲጎዳ ሙያውም አብሮ ይጎዳል።

ሆኖም እሳቱ ፈጽሞ አልጠፋም። በ1885 ለትምህርት ወደ ካሊፎርኒያ የተላኩ ሦስት የሃዋይ መሳፍንት፤ ሬድዉድ ከሚባለው የአገሩ ዛፍ ሳንቃ አሠርተው በሳንታ ክሩዝ ጠረፍ ጋለቡ። በ1907 ደግሞ ጆርጅ ፍሪዝ የተባለው የሃዋይ ልጅ ጥበቡን በደቡብ ካሊፎርኒያ አሳየ። ከሁሉ ይልቅ ግን የጨዋታውን ስም በዓለም ያስጠራው ዱክ ካሃናሞኩ ነው። እርሱ በ1912 በስቶክሆልም፤ በ1920 ደግሞ በአንትወርፕ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በ100 ሜትር ዋና የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ሰው ነው። ወደ አውስትራሊያ በተጓዘ ጊዜ በዚያ ካገኘው የጥድ እንጨት ሳንቃ ሠርቶ በሲድኒ አጠገብ በፍሬሽዋተር ጠረፍ ለሕዝብ አሳየ። የአውስትራሊያ ወጣቶችም ከዚያ ጀምረው ጨዋታውን አጥብቀው ያዙት።

ክብደትን ለማሸነፍ የተደረገ ትግል

የዚያ ዘመን ሳንቃ አንድ ወጥ እንጨት ነበረ። ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ነበር። ይህን ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ጠንካራ መሆን ነበረበት፤ ውሃም ወደ እንጨቱ ሲገባ ክብደቱ ይጨምር ነበር። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው ክብደትን ለመቀነስ የተደረገ ትግል ነው።

መጀመሪያ መንገዱን የከፈተው በ1902 በዊስኮንሲን የተወለደው ቶማስ ብሌክ ነው። ብሌክ በቢሾፕ ሙዚየም ያሉትን የአብነር ፓኪን ሳንቃዎች ባየ ጊዜ እነዚያን በሚመስል ሳንቃ ለመጋለብ ፈለገ። የሠራውን ሳንቃ ለማቅለል በመጀመሪያ በውስጡ ብዙ ቀዳዳ በሳ፤ በኋላ ግን እንደ አውሮፕላን ክንፍ በውስጡ የጎድን አጥንት የመሰለ እንጨት ያለው፤ ባዶ ሳንቃ ሠራ። በ1932ም ለዚህ ሥራው የፈጠራ መብት አገኘ። ይህ ባዶ ሳንቃ በውሃ የሚሰጥሙ ሰዎችን ለሚያድኑ ጠባቂዎች ትልቅ መሣሪያ ሆነ። በ1935 ደግሞ ከአንድ ከተጣለ የሞተር ጀልባ ያገኘውን የዓሣ ክንፍ የመሰለ ብረት ከሳንቃው ጅራት ሥር አጣበቀው። ሳንቃው ከዚያ በፊት ወደ ጎን ይንሸራተት የነበረው ቀርቶ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። ትንሽ የምትመስለው ይህች ክንፍ እስከ ዛሬ ድረስ ከሳንቃ አልተለየችም።

ሁለተኛው ሰው ሮበርት ሲመንስ ነው። ሲመንስ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲቲዩት ኢንጂነሪንግ የተማረ ነበር፤ አንድ ክንዱም በብስክሌት አደጋ ስለ ተጎዳ ከባድ ሳንቃ መሸከም ይቸግረው ነበር። ስለዚህ ችግሩም ዕውቀቱም ወደ አንድ ሥራ መሩት። ስለ ፈጣን ጀልባዎች ቅርጽ የተጻፈ የሳይንስ መጽሐፍ አንብቦ፤ ውሃው ሳንቃውን ወደ ላይ የሚያነሣበትን ብልሃት በስሌት መረመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ራዳር መሸፈኛ ያገለግል የነበረውን ፋይበርግላስም ለሳንቃ አዋለ። ከኢኳዶር የሚመጣው ባልሳ እጅግ ቀላል እንጨት ነው፤ ነገር ግን ውሃ እንደ ጨርቅ ይመጣል። በፋይበርግላስ ጨርቅና በሙጫ ሲለበስ ግን ውሃ አይገባውም። በዚህ ዘዴ የሳንቃው ክብደት ወደ 12 ኪሎ ገደማ ወረደ። በ1954 ሲመንስ በላ ሆያ ጠረፍ ሲጋልብ በማዕበል ሞተ፤ ዕድሜው ገና 35 ዓመት ነበር።

ሲመንስ የሞከረው ሌላም ነገር ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የሚገኘውን፤ ፖሊስታይሪን የተባለውን ነጭና ቀላል ነገር በሳንቃው መካከል ለማግባት አሰበ። ችግሩ ግን የኬሚስትሪ ነበር፤ የፋይበርግላሱ ሙጫ፤ ፖሊስተር የሚባለው፤ ይህን ነጭ ነገር ሲነካው ያሟሟዋል። ስለዚህ ፖሊስታይሪኑን አስቀድሞ በኮምፔንሳቶ መሸፈን ግድ ሆነበት። ለዚህ ችግር ሁለት መልስ ብቻ ነበረው፤ ወይ ሙጫው የማያሟሟው ሌላ አረፋ ማግኘት፤ ወይም አረፋውን የማያሟሟ ሌላ ሙጫ ማግኘት። የሚቀጥሉት 60 ዓመታት ታሪክ በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል የተደረገ ጉዞ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የአረፋ ዘመንና የቀራጩ ክፍል

የመጀመሪያው መልስ ፖሊዩሬቴን ሆነ። ይህን ነገር በ1937 በጀርመን አገር ያገኘው ኦቶ ባየር ከባልደረቦቹ ጋር ነው። ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ እንደ ተቦካ ሊጥ ተነፍተው የገቡበትን ቅርጽ ይሞላሉ፤ ሲደርቁም ጠንካራና ቀላል አረፋ ይሆናሉ፤ የፖሊስተር ሙጫም አያሟሟቸውም። ጥቂት ሰዎች ይህን ለሳንቃ ለማዋል ደክመዋል። በስፋት እንዲሠራበት ያደረጉት ግን በ1954 በዳና ፖይንት የሳንቃ ሱቅ የከፈተው ሆቢ አልተርና የሥራ ባልደረባው ጎርደን ክላርክ ናቸው። ሁለቱ በ1958 አረፋውን በቅርጽ ማፍሰሻ ለማውጣት ቻሉ፤ በ1961 ደግሞ ክላርክ የራሱን የአረፋ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1959 ጊጄት የተባለው ፊልም ወጥቶ ጨዋታው በወጣቶች ዘንድ እንደ እሳት በተስፋፋ ጊዜ፤ አረፋው ዝግጁ ሆኖ ቆየ። ባልሳ ከኢኳዶር እስኪመጣ መጠበቅ ቀረ።

የአረፋው ዘመን አዲስ ባለሙያ ፈጠረ፤ እርሱም ቀራጩ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ጥሬ አረፋ በመካከሉ ከራስ እስከ ጅራት ቀጭን እንጨት የተጣበቀበት ነው። ቀራጩ በላዩ ንድፉን በእርሳስ አውጥቶ በመጋዝ ይቆርጠዋል፤ በኤሌክትሪክ መላጊያ ይልገዋል፤ በመፋቂያና በብርጭቆ ወረቀትም ያለሰልሰዋል። የሚሠራበት ክፍል ግድግዳው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሲሆን፤ መብራቱ ከጣራ ሳይሆን ከግራና ከቀኝ በሳንቃው ትክክል ይሰቀላል። ምክንያቱም ብርሃን ከጎን ሲመጣ፤ ዓይን በሌላ መንገድ የማያያት ጥቂት ሚሊሜትር ጉብታ ጥላዋን ትጥላለች። በማዕበል ላይ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ትልቅ ነገር ናት፤ የሳንቃው ጠርዝ በዚያች ልክ ሲሳል ወይም ሲዶለዱም አጋላቡ ይለወጣል።

ቀራጩ ሥራውን ሲጨርስ የሳንቃውን ልክና የራሱን ስም በአረፋው ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ከዚያ በላይ ፋይበርግላሱ ሲለበስ ጽሕፈቱ ከሥር ሆኖ ይታያል። ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ሳንቃ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሰሌዳውና የጸሐፊው ስም በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኝ በብራና ዘመን እንደ ነበረው ልማድ ነው።

የሳንቃው መልክም በዚህ ዘመን ፈጥኖ ተለወጠ። በ1966 በሳን ዲዬጎ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና አውስትራሊያዊው ናት ያንግ ካሸነፈ በኋላ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 3 ሜትር ገደማ የነበረው ሳንቃ ወደ 2 ሜትር ተኩል፤ ከዚያም በታች አጠረ። በ1981 ደግሞ ሳይመን አንደርሰን የተባለው አውስትራሊያዊ ሦስት ክንፍ ያለው ሳንቃ ሠርቶ፤ በራሱ ሳንቃ በቤልስ ቢች የተደረገውን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። ዛሬም ይኸው የሦስት ክንፍ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የተለመደ ነው። እነዚህን ለውጦች ያመጡት የእጅ ቀራጮች ናቸው፤ ጠዋት የቀረጹትን ከሰዓት በኋላ በባሕር እየሞከሩ፤ ማታ ተመልሰው ያርሙት ነበርና።

ሆኖም የአረፋው ዘመን ክፉ ጎንም ነበረው። ፖሊዩሬቴን ከሚሠራባቸው ፈሳሾች አንዱ ለሳንባ አደገኛ መርዝ ነው፤ የፖሊስተር ሙጫውም ሽታ ለጤና አይስማማም፤ ከመላጊያው የሚነሣውም አቧራ እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ሠራተኞች ያለ መሸፈኛ ይሠሩ ነበር። የተሰበረው ሳንቃም እንደ ኮአ እንጨት አፈር አይሆንም።

ኮምፒዩተር ወደ ቀራጩ ክፍል ገባ

በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ፤ በባዮን ከተማ፤ ሚሸል ባርላን የተባለው ሳንቃ ሠሪ ከ1980 ገደማ ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መቅረጫ መኪና ለመሥራት ደከመ። ከእርሱ በኋላ በአሜሪካ፤ በብራዚልና በአውስትራሊያም እንዲህ ያሉ መኪናዎች ተሠሩ፤ ሼፕ ሥሪዲና አኩ ሼፐር የተባሉት የንድፍ ፕሮግራሞችም ወጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ንድፍ አውጪው በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ የሳንቃውን ርዝመት፤ ስፋት፤ ውፍረትና ከአፍንጫ እስከ ጅራት ያለውን ጉብጠት ይስላል። ከዚያም ጥሬው አረፋ በመኪናው ላይ ይታሰራል፤ የሚሽከረከረው መቁረጫም በላዩ እየተመላለሰ በንድፉ መሠረት ይልጠዋል። በእጅ ብዙ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። መኪናው ግን በአረፋው ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን መስመሮች ትቶ ያልፋል፤ እነዚህን በብርጭቆ ወረቀት ጨርሶ የሚያለሰልሰው አሁንም የሰው እጅ ነው።

ኮምፒዩተሩ ሁለት ትልልቅ ጥቅም አመጣ። አንደኛው መድገም ነው። የእጅ ቀራጭ ምንም ቢጠነቀቅ ሁለት ሳንቃ ፍጹም አንድ አድርጎ ሊቀርጽ አይችልም፤ አንድ ጋላቢም እጅግ የተስማማው ሳንቃ ሲሰበርበት ሌላ እንደዚያው ያለ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነበር። አሁን ግን የተመሰገነው ሳንቃ ልኩ በኮምፒዩተር ከተያዘ ያንኑ ደግሞ መቁረጥ ይቻላል፤ ከዚያም አንዲት ነገር ብቻ፤ ለምሳሌ የጅራቱን ስፋት በ3 ሚሊሜትር ለውጦ፤ ለውጡ ምን እንዳመጣ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ይህ በሳይንስ ትምህርታችን የምንማረው የሙከራ ሕግ ነው፤ አንዱን ለውጥ፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተው።

ሁለተኛው ጥቅም ስሌት ነው። በቀድሞው ጊዜ ቀራጩ የሳንቃውን ተንሳፋፊነት በብብቱ ይዞ በግምት ያውቀው ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተሩ የሳንቃውን ይዘት በሊትር ያወጣዋል፤ በብዙ ሳንቃዎች ላይም ይጻፋል። በአርኪሜዲስ ሕግ መሠረት 30 ሊትር የሆነ ሳንቃ ጨርሶ ውሃ ውስጥ ሲገባ 30 ኪሎ ያህል ውሃ ይገፋል። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሳይንቀሳቀስ ቢቀመጥበት ሳንቃው ከሥሩ ይሰጥምና ሰውየው እስከ ወገቡ ወይም ከዚያ በላይ በውሃ ውስጥ ይሆናል። ቆሞ እንዲሄድ የሚያደርገው ማዕበሉ የሚሰጠው ፍጥነት ነው።

መኪናው በመጣ ጊዜ ብዙ ቀራጮች ተቃወሙ፤ «ነፍስ የሌለው ሳንቃ» ያሉትም ነበሩ። ክርክሩን በሁለቱም ወገን መመልከት ይገባል። በአንድ ወገን፤ ቀኑን ሙሉ ከባድ መላጊያ መግፋት ትከሻንና አንጓን ይጎዳል፤ አቧራውም ሳንባን። መኪናው ይህን ሸክም ከባለሙያው ላይ አንሥቶለታል። በሌላው ወገን ደግሞ፤ ጀማሪው ሙያውን የሚማረው ያንኑ አድካሚውን ሥራ በመሥራት ነበር፤ መቶና ሁለት መቶ አረፋ ከላገ በኋላ እጁ ይለምድ ነበር። ያ ሥራ ወደ መኪና ሲሄድ የተለማማጁ ደረጃ ከመሰላሉ ላይ ወጣ። ንድፉም በአንድ ደቂቃ ባሕር ተሻግሮ ስለሚላክ፤ በአንድ አገር የተሳለው በሌላ አገር ይቆረጣል። ከዚያም ባሻገር፤ ቅርጹ በማፍሰሻ የሚወጣ ሳንቃ አለ፤ ራንዲ ፍሬንች በሳንታ ክሩዝ ያቋቋመው ሰርፍቴክ የተባለው ድርጅት ሳንቃዎቹን ያሠራው በታይላንድ ኮብራ በተባለው ትልቅ ፋብሪካ ነው። እንዲህ ባለው ሳንቃ ላይ የንድፍ አውጪው ስም ቢኖርም፤ በእጁ የሠራው ሰው ስም አይገኝም።

ታኅሣሥ 5 ቀን 2005

ከ40 ዓመት በላይ የአሜሪካ ሳንቃ ሠሪዎች አብዛኛውን አረፋ የሚገዙት ከክላርክ ፋብሪካ ነበር። አረፋው ጥሩ፤ ዋጋውም ተመጣጣኝ ስለ ነበረ ሌላ አቅራቢ ለመፈለግ የደከመ ጥቂት ነው። በታኅሣሥ 5 ቀን 2005፤ ሰኞ ዕለት፤ ክላርክ ለደንበኞቹ ረዥም ደብዳቤ ልኮ ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ። በደብዳቤውም ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ሠራተኞች ደኅንነት የወጡት ሕጎችና ሊመጡበት የሚችሉት ክሶች እንዳሳሰቡት ገለጸ። የአረፋ ማፍሰሻዎቹም እንዲሰባበሩ ተደረገ።

በሳንቃ ሠሪዎች ዘንድ ትልቅ ድንጋጤ ሆነ። የጥሬው አረፋ ዋጋ ወዲያው ወጣ፤ ትንንሽ ሱቆች ሥራ ፈቱ፤ ከአውስትራሊያ፤ ከብራዚልና ከደቡብ አፍሪካ ለማስመጣት ሩጫ ሆነ። ያን ዕለትም «ባዶው ሰኞ» ማለት የሚሆን ስም አወጡለት። አንድ ሙያ በሙሉ በአንድ በር ብቻ ሲገባና ሲወጣ፤ በሩ የተዘጋ ዕለት ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን ችግር ብልሃትን ይወልዳል። ሲመንስ ትቶት የሄደው ሁለተኛው መልስ፤ ማለት አረፋውን የማያሟሟ ሙጫ፤ አስቀድሞ በነፋስ ሸራ ሳንቃና በሌሎችም ሥራዎች ይታወቅ ነበር፤ ስሙም ኢፖክሲ ነው። ኢፖክሲ ፖሊስታይሪንን አያሟሟም። ብዙ ሠሪዎች እስከዚያ ድረስ አዲስ ነገር ለመልመድ ባይፈልጉም፤ አሁን ግድ ሆነባቸውና ወደዚህ ዞሩ። ከፖሊስታይሪንና ከኢፖክሲ፤ አንዳንድ ጊዜም ከካርቦን ክር ጋር የተሠራው ሳንቃ ከቀድሞው የቀለለና የጠነከረ ሆነ። ዛሬ ለውድድር የሚሆን አጭር ሳንቃ ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ በሳን ዲዬጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች አርክቲክ ፎም ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው፤ ከአልጌ፤ ማለት ከውሃ አረንጓዴ ከወጣ ዘይት የሳንቃ አረፋ ሠርተው አሳዩ። የባሕሩን መጫወቻ ባሕሩን በማይጎዳ ነገር ለመሥራት የሚደረገው ድካም ገና አላለቀም።

ወደ አሮጌው የተመለሱ

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። በአውስትራሊያ የሚኖረው ቶም ዌገነር የተባለ ሳንቃ ሠሪ፤ በቢሾፕ ሙዚየም ያሉትን ጥንታውያን የአላያ ሳንቃዎች ተመልክቶ፤ ፖሎኒያ ከሚባል ቀላል እንጨት እነዚያን የመሰለ ቀጭን ሳንቃ ሠራ። ክንፍ የለውም፤ አረፋም መርዝም የለበትም። ታላላቅ ጋላቢዎች በወጡበት ጊዜ ፍጥነቱ አስገረማቸው። የሃዋይ ጠራቢዎች በድንጋይ መጥረቢያ የደረሱበት ዕውቀት፤ ሳይንስ ገና ያልጨረሰው ዕውቀት ሆኖ ተገኘ። ያ ሙዚየም እነዚያን ሳንቃዎች ባይጠብቃቸው ኖሮ ብሌክም፤ ዌገነርም የሚነሡበት መሠረት ባልነበራቸው። ቅርስን መጠበቅ ለወደፊቱ ሥራ ስንቅ ማስቀመጥ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

በ2021 በጃፓን በተደረገው የቶክዮ ኦሊምፒክ ይህ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። በሴቶች ያሸነፈችው ካሪሳ ሙር የሃዋይ ልጅ ናት፤ ጥበቡ ሊጠፋባት ከደረሰች አገር የወጣች ማለት ነው። በወንዶች ያሸነፈው ብራዚላዊው ኢታሎ ፌሬራ የዓሣ ነጋዴ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ሳንቃ መግዛት ስላልቻለ ማዕበል የለመደው አባቱ ዓሣ በሚያቀዘቅዝበት የፖሊስታይሪን ሣጥን ክዳን ላይ ነበር። በመጨረሻው ውድድር ሳንቃው በመጀመሪያው ማዕበል ላይ ተሰብሮበት፤ ሌላ ሳንቃ ተቀብሎ አሸነፈ። በኮምፒዩተር ዘመን እንኳ ድል የሚገኘው በሳንቃው ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የእጅ ባለሙያ መኪና ሲመጣበት ወዴት ይሄዳል? ከዚህ ታሪክ እንዳየነው መልሱ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሥራውን አጥቷል፤ አንዳንዱ መኪናውን ባሪያው አድርጎ ሥራውን አስፍቷል፤ አንዳንዱም ወደ ጥንቱ ተመልሶ ማንም ያልጠበቀውን አግኝቷል። መኪና የተሰጠውን ይደግማል፤ ምን እንደሚደገም የሚያውቀው ግን በባሕሩ ውስጥ የቆመው፤ በእጁም የዳሰሰው ሰው ነው። የኮምፒዩተሩ ንድፍ ራሱ ከየት መጣ ቢባል፤ ቀራጮች በጎን መብራት ሥር ለብዙ ዓመታት ካከማቹት ዕውቀት ነው። አንዱ ደንገል በሁለት ዓይነት እጅ ሲገባ አንዲቱ ጀልባ በመንገድ ቀርታ፤ ሁለተኛይቱ ውቅያኖስ እንደ ተሻገረች አንባቢያችን ያስታውስ። አዲስ ነገርና አዲስ መኪናም እንደዚሁ ናቸው፤ በማን እጅ እንደ ገቡ ይጠየቃል።

ነገር ግን እውነቱን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ተለማማጁ የሚማርበት ሥራ ወደ መኪና ከሄደ፤ የነገው ንድፍ አውጪ እጁን የሚያለማምድበት ስፍራ ሆን ተብሎ ካልተዘጋጀለት በቀር፤ ዕውቀቱ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ይህ የካሊፎርኒያ ወይም የአውስትራሊያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ኮምፒዩተርን የምንማር፤ የአባቶቻችንንም የእጅ ሙያ ገና በዓይናችን የምናይ ትውልድ ነን። ሁለቱን ማየት ከቻለ ትውልድ የሚጠበቀውም ሁለቱን ማገናኘት ነው። አንዱን ንቆ ሌላውን ማምለክ ግን ለሁለቱም አይበጅም። ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን የኮምፒዩተሩን ክፍል ሲከፍቱልን፤ የአናጢውንና የሸማኔውን በር እንዳይዘጉብን፤ እኛም ተማሪዎች በዚያ በር ለመግባት እንዳናፍር አደራ እንላለን።